ገደሉ በነጻ የሰጠው ዓሣ

መምህርቷ ያንን ዓሣ ዘጠኝ ዓመት ፈልጋዋለች። በየዓመቱ የአራተኛ ክፍል ልጆቿን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ገደል ትወስዳለች። ገደሉ እንደ ደብተር ቅጠል የተነባበረ ደለል ድንጋይ ነው፤ በየንብርብሩ መሀል ቦታው ሐይቅ በነበረበት ዘመን የሞቱ ቅጠሎችና ቀንድ አውጣዎች ቅሪተ አካል ሆነው ቀርተዋል። ሙሉ ዓሣ ግን ያገኘ ሰው የለም። ርዕሰ መምህሩ «ዓሣሽ ዋኝቶ አመለጠሽ» እያሉ ሲያሾፉባት አብራ ትስቃለች እንጂ ነገሩ ያንገበግባት ነበር።

ዛሬ ዓሣው እግሯ ሥር ተጋድሞ ጠበቃት። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠፍጣፋውን ድንጋይ በሁለት እጇ አንስታ እንደ አራስ ልጅ ታቀፈችው። ሠላሳ አንዱ ልጆችም መዶሻ ሳያነሱ ኪሳቸውን ሞልተዋል። እንዲህ ያለ ሲሳይ ታይቶ አይታወቅም።

የአውቶቡሱ ሹፌር ወርደው መጡ። ቢራቢሮ ባለፈች ቁጥር ፍሬን ስለሚይዙ ልጆቹ ጋሼ ፍሬን ይሏቸዋል። ሹፌር ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ ሠርተዋል። ወደ ገደሉ አናት አንጋጠው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አምና አንዲት ቅጠል ለማውጣት ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

«ጠዋቱን ሙሉ።»

«ዛሬስ ማን ፈልፍሎ ሰጣችሁ?»

መምህርቷ ክው አለች። የድንጋዮቹን ስብራት አየችው፤ አቧራ እንኳ አልነካውም፣ የዛሬ ነው። ከላይ ጠጠር ይንኮሻኮሻል፤ እስካሁን ልጆቹ የሚወረውሩት መስሏት ነበር። መጮህ ፈለገች፤ ሹፌሩ ግን የደነገጠ ልጅ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም ብለው ከለከሏት።

ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ሁሉም ባዶ እጁን ቀስ ብሎ ወደ አውቶቡሱ እንዲሄድ አዘዘች። ማን ሰምቷት! አንዱ አንዲት ብቻ ብሎ ይለምናል፣ ሌላው ጭራሽ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ምላሰኛዋ ልጅ መጥታ ፊቷ ተገተረች።

«ቲቸር፣ እርስዎስ ይዘው የለ?»

እውነቷን ነው። መምህርቷ ልቧ እምቢ እያለ ጎንበስ ብላ ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ባዶ መዳፏንም ዘርግታ አሳየቻቸው። ያኔ ኪሳቸውን እያራገፉ ተከተሏት። ጠጠሩ እየበዛ ነበር፤ እሷ ግን መሮጥ አልቻለችም፣ ከሮጠች ይሮጣሉ።

ሁሉም ከገቡ በኋላ ጠጠሩ ጸጥ አለ። ዓሣው ከአውቶቡሱ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። አንድ እግሯን ወደ ደረጃው አወረደች፤ ጋሼ ፍሬን ግን እጇን ይዘው አስገቧትና በሩን ዘጉ። አልበቃቸውም፤ በመጡበት የገደል ጥግ መንገድ፣ ጠዋት ዘበኛ የአውቶቡሱን ታርጋ በመዘገበበት ኬላ በኩል አልመለስም ብለው በታችኛው ጥርጊያ ዞሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንገጫገጩ።

«የዘጠኝ ዓመት ልፋቴን እኮ ነው ያስጣሉኝ» አለቻቸው። ጋሼ ፍሬን መንገዳቸውን እያዩ ማርሽ ቀየሩ።

ትምህርት ቤት እንደደረሱ ልጆቹን ግቢ ትታ፣ ሹፌሩን ልትከስ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ርዕሰ መምህሩ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩዋት ስልኩን ወደ እሷ ዘረጉት። ከስልኩ ውስጥ የኬላው ዘበኛ ድምፅ ይሰማል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ገደሉ እላያቸው ላይ ተናደ፣ አውቶቡሱ በኬላው አልተመለሰም፣ በእጃችን እየቆፈርን ነው! ስንት ልጆች ናቸው? ስንት ነው የምንፈልገው?»

ስልኩን ተቀበለች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ከፈተችና ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋችው። ልጆቹ ቧንቧው ጋ በውሃ ተራ እየተጣሉ ይንጫጫሉ፤ ምላሰኛዋ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው ዘበኛው «አቁሙ፣ አቁሙ፣ ትምህርት ቤት ናቸው» እያለ ለሚቆፍሩት ሰዎች ይነግራል። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ አለቀሰ።