የአቶ ሉልሰገድ ሙሾ

ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ አቶ ሉልሰገድ በሞቱ ማግሥት፣ አስለቃሿ ቅኝት ስለሳቱ ከሬሳ ሣጥናቸው ተነሥተው ተቀመጡ። ጥጡን ከጆሯቸው አወጡና፣ «ይፍቱሥራ፣ በአንቺ ሆዬ ጀምረሽ ባቲ ላይ ጣልሽው» አሉ።

ወይዘሮ ይፍቱሥራ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስለቅሱ ሬሳ አርሟቸው አያውቅም። ተቀየሙ። የዕድራችን ሊቀመንበር ግን ሰዓታቸውን አዩ።

«ጋሼ፣ ቀብሩ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«በዚህ ሙሾ አልቀበርም። ሲስተካከል እተኛለሁ።»

ሰውዬው ድሮም እንዲህ ናቸው። በገዛ ሠርጋቸው ሚዜዎቹን አስቁመው ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስደግመዋል። ለቅሶ ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ተለማመድን። ወንዶቹን በግራ፣ ሴቶቹን በቀኝ አቆሙን። ደረቱን የሚደቃ አንድ የአክስታቸው ልጅ ከምት ወጣህ ተብሎ ተገሠጸ፤ ሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን ተጨመረበት።

ሙሾው ባማረልን ቁጥር አቶ ሉልሰገድ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይጋደማሉ። ይህን ቀድመው ያዩት ባለቤታቸው እትዬ ሰርጓለም ናቸው። ባላቸው ዜማ ሲደርሱ የሚቀመጡበት ፒያኖ ግድግዳ ተጠግቶ ነበርና፣ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያዩት የባላቸውን ጀርባ ነው። አሁን ገና ፊት ለፊት ተያዩ።

ሙሾው ሊሰምር ጥቂት ሲቀረው፣ የአቶ ሉልሰገድ ጭንቅላት ትራሱን ሲነካ፣ እትዬ ሰርጓለም ጮክ ብለው ቅኝቱን ሳቱ። ባላቸው ብድግ አሉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ እኮ ጆሮሽ ደኅና ነበር።»

«ሐዘን ነዋ።»

«እሺ፣ ከመጀመሪያው።»

ይኸው ክረምቱ አለፈ። የድንኳኑ ካስማ ቅጠል አውጥቷል። እትዬ ሰርጓለም በየቀኑ እዚያችው ቦታ ላይ ይስታሉ፤ እኛም እያወቅን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሊቀመንበሩ ብቻ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ለአቶ ሉልሰገድ ከተቆፈረው ጉድጓድ ሙሾው ተሰማ። ውስጡ ማንም አልነበረም። አንድም ቦታ ሳይስት ዘለቀ። አቶ ሉልሰገድ አዳመጡ፤ ፊታቸው በራና መጋደም ጀመሩ።

እትዬ ሰርጓለም ጥጡን ከመሬት አንሥተው በባላቸው ሁለት ጆሮዎች ውስጥ ከተቱ። ሙሾው ሲጠፋባቸው አቶ ሉልሰገድ ቀና አሉ፤ ሚስታቸውን እያዩ፣ ልምምዱን እንደሚመራ ሰው እጃቸውን ማወዛወዝ ቀጠሉ። ጉድጓዱ ጨረሰና ከመጀመሪያው ጀመረ።