የሰባተኛው ወር ማገዶ

ዜኖቢያ ሱልካ ከልጅነቷ አልረሳ ያላት ወሬ አንድ ነው፤ እሱንም የምታስታውሰው በግማሹ ነው። ኩፍኝ ይዟት ማድቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ የበግ አጎዛ ላይ ተኝታለች። ምድጃው አጠገብ አባቷና ሌላ አንድ ሰው ቆመዋል።

«ማገዶው ገባ?»

«የታለና።»

«ብቅሉስ?»

«ብቅሉማ በቅሏል። ማገዶ ሳይኖር ብቅል ምን ይሠራል?»

«ገና ሁለት ወር አለ። ዛሬ መታወቁ ደግ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አባቷ ወይ ሳቀ ወይ አለቀሰ። ሳል ነበረበትና ሳቁም ልቅሶውም ከአፉ ሲወጣ አንድ ዓይነት ነበር። ያ ዓመት የነሐሴዋን የእመቤታችንን በዓል ለመደገስ ተራው የደረሰበት ዓመት ነው። በዓሉ እንደ ምንም ተደገሰ፤ ቺቻ የሚሉት የበቆሎ ጠላ ፈላ፣ የእመቤታችን ምስል በሰው ትከሻ ወጣች፣ ሕዝቡም ጠጥቶ ጨፈረ። ያ ሌላው ሰው ማን እንደነበረ ግን ዜኖቢያ ሳትጠይቅ አባቷ ሞተ።

አሁን ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት አዋላጅ ናት። በሳይዋፓታ ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች። የሚረከበው ሰው ስለጠፋ የጣቢያው ዕቅድም እሷው ላይ ወድቋል።

የባለፈው ዓመት ዕቅድ ሲያዩት ያማረ ነበር። ከጣቢያው ጎን የእናቶች ማቆያ ተሠራ፤ ሁለት ክፍል፣ ምድጃ ያለው ማድቤት፣ ቢጫ ቀለም። ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬዱት ከላይኞቹ መንደሮች ነፍሰ ጡሮቹ ወራቸው ሲገባ ይወርዱና እዚያ ይቀመጣሉ፣ ምጡ ሲመጣ ጣቢያው ውስጥ ይወልዳሉ ተባለ። ውጤቱ በታኅሣሥ ይታያል ተብሎ ተጽፎ ነበርና በታኅሣሥ ታየ። የወረዱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ላይ ከቀሩት ሁለቱ ልጆቻቸውን ቀበሩ። ከንቲባው ባዶዎቹን አልጋዎች አየና «ሰው ካላደረበት የዘር ድንች ይደርበት» አለ። ለምነውት አንድ ዓመት ታገሠ። ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ ቤቱ መጋዘን ይሆናል።

በሚያዝያ ከአውራጃው ከተማ የዕቅድ ሰው መጣ። ሬይናልዶ ቤሳራ ይባላል። የሒሳብ ሰው ነው፤ ግን በዚያ አገር ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሁሉ ኢንጂነር ነውና እሱንም ኢንጂነር ይሉታል። ከፍታው ራሱን አሞት፣ የኮካ ቅጠል ጉንጩ ውስጥ ወትፎ፣ ዕቅዱን አገላበጠ።

«ሴኞራ ዜኖቢያ፣ ታኅሣሥ ላይ የጻፉት ጥሩ ነው። መሃሉ የታለ?»

መሃል የሚለው ዕቅድ አውጪዎቹ የመንገድ ድንጋይ የሚሉትን ነው። ከዛሬና ከውጤቱ መካከል የሚተከል ምልክት ነው። መንገደኛ ድንጋዩን ሲያይ አልጠፋሁም ይላል፤ ያጣው እንደሆነ ሳይመሽበት ይመለሳል።

«አለ እንጂ፣ ኢንጂነር» አለች። «ብርድ ልብስ ተገዝቷል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ቀለሙም ታድሷል።»

«አምና ቀለም አልነበረም?»

«ነበር።»

«ይኸ እናንተ ያደረጋችሁት ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ እናቶቹ ነው። እነሱ በሰኔ ምን ሲያደርጉ ቢያዩ ነው በመስከረም ይወርዳሉ የሚሉት?»

«ሲወርዱ ነዋ።»

ቤሳራ ሳቀ፤ ራሱን ሲወጋው ቶሎ ተወው። «ሲወርዱማ ማን ያጣዋል። እንዳይመስልዎት፣ አውቄው አይደለም የምጠይቅዎት። እኔም አላውቀውም። ቦታውን ባዶ ልተወው። በሰኔ፣ ለመጥምቁ ዮሐንስ በዓል፣ በዚህ ሳልፍ ይነግሩኛል።»

«ካላገኘሁስ?»

«ድንች ያሳድሩበታላ።»

ዜኖቢያ በግንቦት ወደ ላይኞቹ መንደሮች ወጣች። ዳገቱ ላይ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች፣ በየደጁ እየቆመች ጠየቀች። ሁሉም አንድ ነገር መለሱላት። «እንወርዳለን፣ ማሚታ። ለምን አንወርድ?» አምናም እንዲሁ ብለው ነበር። እዚያ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሺታ እንደ ሰላምታ ለሁሉ ይሰጣል። ያንን እሺታ ዕቅድ ላይ ብትጽፈው በታኅሣሥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አልጻፈችውም።

በሰኔ መጀመሪያ አበልጇ ኤሌውቴሪዮ ፑማካዮ የማገዶ ቀን ነበረው። የዘንድሮው የነሐሴ በዓል ደጋሽ እሱ ነው። የማገዶ ቀን ማለት ያለ የሌለ ዘመድ፣ ቃል የገባው ጎረቤት ሁሉ እንጨት በአህያ ጭኖ ወደ ደጋሹ ግቢ የሚገባበት ቀን ነው። የያንዳንዱ ቤት ገመድ ላማ ከሚሉት የጭነት እንስሳ ጠጉር የተፈተለ ነው፣ ቀለሙም የራሱ ነው። ከነገመዱ ክምሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማን እንዳመጣ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ዜኖቢያም አንድ ሸክም አስጭና መጥታ፣ ቺቻ ተቀድቶላት፣ ከአሮጊቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አሮጊቶቹ ዓይናቸው ከክምሩ አይነቀልም።

«የፍሎሬንቲኖ ገመድ የለም» አለች አንዷ።

«አመጣለሁ ብሏል እኮ።»

«ብሏል! ምላስ አይነድም፣ እቴ።»

«የሱ እንኳ ደረቅ ነው፣ ሳይነድ አይቀርም።»

ተሳሳቁ። ኤሌውቴሪዮ ሰምቷቸዋል። አልተቆጣም። አማቹን ጠራና «እስኪ ወደ ፍሎሬንቲኖ ቤት ብቅ በል። አህያው ሞቶበት ይሆናል፤ ከሆነ የኛን ይዘህለት ሂድ» አለው።

ዜኖቢያ ወደ አፏ ያቀናችው ዋንጫ መንገድ ላይ ቀረ። ገና ሁለት ወር አለ፣ ዛሬ መታወቁ ደግ ነው። ያ ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ ጆሮዋ ሥር ተናገረ። ዋንጫውን መሬት አስቀምጣ አማተበች፤ አሮጊቶቹ ለቺቻው መሰላቸው።

ቤሳራ በቃሉ መጣ።

«አገኙት?»

«ማገዶ ነው።»

«ምን?»

«ሴትዮዋ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ከቤቷ አንድ ሸክም ማገዶ ማቆያው ግቢ ይግባ፣ ከነገመዱ። የማይሞቀው ምድጃ ዘንድ ግማሽ ቀን ሙሉ እንጨት የሚያጓጉዝ ሰው የለም። የገባ እንደሆነ ትወርዳለች። ያልገባ እንደሆነ ገና ሁለት ወር አለን።»

«ሴኞራ፣ ከተማ ገብቼ የጤና ዕቅድ ላይ ማገዶ ብዬ ላንብብ? ይስቁብኛል።»

«በሰኔ ይሳቁ። በታኅሣሥ ከሚያዝኑ።»

ጉንጩ ውስጥ ያለውን ቅጠል አዟዟረ። «ማገዶው ካልገባ ምን ታደርጋላችሁ? ቅጣት ነው?»

«የምን ቅጣት። ወጥተን ምን እንደጎደለ እናያለን።»

ቤሳራ በባዶው ቦታ ላይ ጻፈ። የሳቀበት ሰው መኖሩ አልታወቀም።

ነገሩ ለላይኞቹ መንደሮች ተነገረና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማገዶ መግባት ጀመረ። ቀዩ ገመድ መጣ፣ ጥቁርና ነጩ መጣ፣ አረንጓዴው መጣ። አንዱ ባል ከእንጨቱ ጋር ገብስ ጨመረ፣ ሌላው ደግሞ አልጋውን በእጁ እየነቀነቀ «ሚስቴ ወፍራም ናት፣ ይኸ ይችላታል?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። የቆቻፓታው ገመድ ግን አልመጣም። ቆቻፓታ የምትኖረው ዬኒ አንካሲ አምና ልጃቸውን ከቀበሩት ከሁለቱ አንዷ ናት። አሁን ሰባት ወሯ ነው። በግንቦትም «እወርዳለሁ፣ ማሚታ» ብላ ነበር።

ዜኖቢያ ወጣች። ዬኒን በረቱ በር ላይ ቆማ አገኘቻት፤ በጎችና አንገተ ረጅም፣ ጠጉራም አልፓካዎች ከበዋታል።

«ባለቤትሽስ?»

«ቆላ ወርዷል፣ ቡና ለቀማ። እስከ ጥቅምት አይመለስም።»

«ማገዶሽን አላየሁትም።»

«ማን ይሸከምልኝ? ደግሞ እኔ ወርጄ ብቀመጥ እነዚህን ማን ይጠብቃል? ቀበሮ ነው የሚጠብቃቸው።»

«አምናስ?»

«አምናም ይኸው ነበር። ማን ጠየቀኝ?»

ቆቻፓታ ላይ ያለው ሌላ ቤት አንድ ነው፤ ከጅረቱ ማዶ፣ የዬኒ ባል አክስት የፎርቱናታ ቤት። ዬኒ ወደዚያ ማየት እንኳ አልፈለገችም። ዜኖቢያ ጅረቱን ተሻገረች።

ዶኛ ፎርቱናታ ቹኞ ቀቅላ አቀረበች፤ በውርጭ የደረቀ ድንች ነው። ዜኖቢያ ለምን እንደመጣች ተናግራ ሳትጨርስ አሮጊቷ እጇን አወናጨፈች።

«የነዚያን ስም እዚህ ቤት እንዳታነሺ! ያ ወንድ አልፓካቸው፣ ዳኛ የሚሉት፣ ሰውን ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ነው ዳኛ የሚሉት፣ ድንቼን ፈጀው። ዝም አልኩ። እሑድ ለት፣ አዲስ ባርኔጣ አድርጌ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በሰው ፊት ተፋብኝ! እሷ ምን አደረገች? ሳቀች!»

«ሳቀች?»

«ጥርሷን አይቻለሁ!»

ዜኖቢያ ቹኞዋን እየበላች ሁሉንም ሰማች። ድንቹን ሰማች፣ ባርኔጣው የት እንደተገዛ ሰማች፣ ምራቁ ታጥቦ አለመልቀቁን ሰማች። አላቋረጠችም፣ አልመከረችም። ሲያልቅ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ዶኛ ፎርቱናታ፣ አባቴ የደገሰ ዓመት ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝም! ያ ማገዶ የጎደለበት።»

«እኛ ማድቤት መጥቶ ያነጋገረው ሰው ማን ነበር?»

«የኔው ሟች ነዋ፣ ሳተርኒኖ። ነፍሱን ይማር።»

«አባቴ ሳቀ ወይስ አለቀሰ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ባሌ ተመልሶ፣ ላማዎቹን እንጨት ጭኖ፣ ምሳ እንኳ ሳይቀምስ መውረዱን ነው። አባትሽን ደግሞ ዓይኑን ማየት አይወድም ነበር፤ በመስኖ ውሃ ተጣልተው።»

«ታዲያ ለምን ወረደ?»

«ማገዶ አልነበረማ!»

ብላ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ዜኖቢያ ወደ ሳህኑ አቀረቀረች። ውጭ የማዶዎቹ በጎች ይጮኻሉ።

«አንቺ ተንኮለኛ» አለች ፎርቱናታ። «አዋላጅ አይደለሽ፣ መጎተቱን ታውቂበታለሽ።»

ዜኖቢያ ከሳህኑ አንድ ቹኞ አነሳች።

«እሺ። ማገዶውን ነገ በኔ ላማ፣ በኔ ገመድ እሰድላታለሁ። ገመዴን መልሱልኝ ታዲያ። ወሯ ሲገባም በጎቹን እጠብቃለሁ፤ አልፓካዎቹንም። ያንን ዳኛ ግን አስራው ትሂድ።»

«ታስሮ ሣር ማን ያቀርብለታል፣ ዶኛ ፎርቱናታ?»

አሮጊቷ ወደ በሩ ሄዳ ጅረቱን አሻግራ አየች። ዳኛ አንገቱን ሰቅሎ ወደዚህ ያያል።

«ልትወርድ ስትል እዚህ መጥታ በገዛ አፏ ትንገረኝ» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ከመጣች እሱንም እጠብቀዋለሁ። ባርኔጣዬን ግን ቤት አስቀምጬ ነው የምወጣው።»