ዘርይሁን ከሥራ አልወጣም

ባለቤቴ ዘርይሁን በበረዶው ወራት ሞተ። ለእናቱ መርዶውን የነገሯቸው የአገራችን ሽማግሌዎች ናቸው፤ እንደ ወጉ ማለዳ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ መጥተው። እማማ ሙሉእመቤት ደረታቸውን መቱ፣ ፊታቸውን ሊነጩ ሲሉ እጃቸውን ያዝን፣ ቀኑን ሙሉ አለቀሱ። በማግስቱ ቁርስ ሳቀርብላቸው ቀና ብለው፣ «ዘርይሁን ገና አልተነሣም?» አሉኝ።

የመርሳት ሕመሙ ከጀመራቸው ቆይቷል፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። እንደገና ነገርኳቸው። ምንም እንዳልሰሙ ሆነው እንደ አዲስ ወደቁ። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁኝ እውነቱን መናገር አልቻልኩም።

«ከሥራ አልወጣም» አልኳቸው።

«ይሄ ኦቨርታይም የሚሉት ነገር ልጄን ሊጨርሰው ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ውስጥ ዘርይሁን አልሞተም። ጥቁር የምለብሰው ውጭ ነበር። ከሥራ ስመለስ የሕንፃው ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል እገባና ጥቁሩን አውልቄ፣ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሼ ወደ ላይ እወጣለሁ። ለቅሶ ሊደርሰኝ የሚመጣውን ሰው የምቀበለው ጸሐይወርቅ ቤት ነው። ጸሐይወርቅ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር እኛው ሕንፃ ውስጥ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። እሷ ሳሎን ተቀምጬ «እግዜር ያጥናሽ» እባላለሁ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤቴ፣ ባሌ ገና ከሥራ ወዳልወጣበት ቤት፣ እመለሳለሁ።

እንዲህ እያልን እስከ መጸው ደረስን። እ.ኤ.አ. 1996 ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ሴት ወደ ማድቤት ዘወር ስትል እማማ በር ከፍተው ወጡ። የተገኙት ወደ ምድር ባቡሩ ጣቢያ በሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ላይ፣ በነጠላና በቤት ጫማ፣ ነፋስ ሲመታቸው ቆመው ነው።

«ልጄን ልቀበለው ነዋ!» አሉ ስደርስ። «ከሥራ አልወጣም ስትይኝ ዋልሽ አይደል እንዴ?»

ያን ሳምንት የእማማን ጉዳይ የምትከታተለው ሶሻል ወርከር መጣች። ካሁን በኋላ እቤት መዋል እንደማይችሉ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚይዙ ሁለት የአረጋውያን መኖሪያዎች ቦታ እንዳላቸው፣ አንዱን መርጬ እስከ ዓርብ እንዳሳውቃት ነገረችኝ። እኔም ስለ ምግቡ፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ በሩ ቁልፍ ጠየቅኋት። ልጠይቃት የፈለግሁትን ግን አልጠየቅኋትም። «ልጄ የት ነው?» ሲሉ ማን ምን ይመልስላቸዋል?

መጀመሪያ በከተማው ሌላ ጫፍ ኢቶቢኮ ወዳለው ሄድን። መኪናውን የነዳችው ጸሐይወርቅ ናት። ቤቱ አዲስ ነው፤ ሰፋፊ መስኮት፣ የታጠረ የአትክልት ቦታ፣ መግቢያው ላይ ትልቅ የዓሣ ማስቀመጫ አለው። እማማ መስታወቱ ፊት ቆመው ዓሦቹን መረመሩ።

«ለፍልሰታ ያቆዩት ነው?» አሉ።

ያስጎበኘችን ሴት ቋንቋቸውን የሚናገር ሠራተኛ እንደሌለ አልደበቀችም። «በምልክትና በፈገግታ እንግባባለን፤ ይለምዱታል» አለች። እማማ ያገኙትን ሁሉ እጅ እየነሡ «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ ሁሉም በፈገግታ መለሰላቸው። ደስ የሚል ቤት ነው። እዚያ ማንም መርዶ ሊነግራቸው እንደማይችል ሳስብ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማኝ።

ስንመለስ እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ምን ያደርጋል፣ ዲዳ ሆኑ እንጂ።»

ጸሐይወርቅ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቤት ደርሰን እማማ ጋደም ሲሉ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ኢቶቢኮን ልትመርጪ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ንጹሕ ነው።»

«ሆስፒታልም ንጹሕ ነው። ጽዮን፣ ሴትዮዋ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናቸው! ከዓሣ ጋር ሊያወሩ ነው? እዚሁ ቅርባችን ያለውን የዳንፎርዙን ሳታዪ? እዚያ የምትሠራ ራውዳ የምትባል ወሎዬ አለች ብዬሽ አልነበረም?»

«እሷን ነው የፈራሁት።»

«ምን አደረገችሽ?»

«አማርኛ ታውቃለች። የሰው ሞት ሰምታ ዝም የምትል ሐበሻ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ‹እግዜር ያጥናዎት› ትላቸዋለች። መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማሉ። እኔም አጠገባቸው አልኖርም።»

ጸሐይወርቅ ብርጭቆዋን በጥንቃቄ አስቀመጠች። «እንግዲህ መርዶ የማይነገራቸው ቦታ የሚባለው፣ ምንም የማይነገራቸው ቦታ ነዋ» አለች። «ነገ እወስዳችኋለሁ። አይተሽ እምቢ በይ።»

የዳንፎርዙ ቤት አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው። መተላለፊያው ጠባብ፣ አየሩ የተቀቀለ ጎመን የሚሸት። ከእማማ ጋር ስለምሄድ የለበስኩት ሰማያዊ ሹራብ ነበር። ያን ቀን እማማ ማን መሆኔን አላወቁም። አንዳንድ ቀን የልጃቸው ሚስት ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ጨዋ የጎረቤት ልጅ። «ተባረኪ፣ የማን ልጅ ነሽ?» እያሉ ክንዴን ይዘው ገቡ።

ጸሐይወርቅ መኪናውን ልታቆም ቀረች። ኃላፊዋ ሚስ ኮልማን ቢሮዋ ውስጥ አስቀመጠችን። አስቀድሜ አስቤበት ነበር፦ ነገሩን ለእሷ እነግራታለሁ፣ እሷ ራውዳን ታስጠነቅቅልኛለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ራውዳ ከእማማ ጋር ትገናኛለች። እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ስለ ዘርይሁን ሞት እሳቸው አጠገብ ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ማውራት ለምጄዋለሁ፤ ከሐኪሙ ጋር፣ ከሶሻል ወርከሯ ጋር። እንግሊዝኛው ለእኔም እንደ ግድግዳ ነበር፤ ከወዲያኛው በኩል ሆኜ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚናገር ሰው እናገራለሁ።

«ልጃቸው፣ ማለት ባለቤቴ፣ ባለፈው የበረዶ ወቅት አርፏል» አልኳት። «እሳቸው ግን ...»

በሩን ጀርባ ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት። ሚስ ኮልማን የአገራቸውን ሰው ያግኙ ብላ ለካ ራውዳን አስጠርታት ነበር። ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት በአጠገቤ አልፋ እማማ እግር ሥር በጉልበቷ ወደቀች።

«እማማ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት! እኔን አፈር ያስበላኝ፣ ሳልሰማ ነው የቀረሁት!»

«አሜን፣ አሜን ልጄ» አሉ እማማ፤ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሰበሰቡና የራውዳን ፊት አዩ። «ማን ሞተ?»

ራውዳ ዞር ብላ ፊቴን ስታይ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ከሷ ወደኔ፣ ከኔ ወደሷ ያያሉ። ግድግዳው ፈርሷል፤ የተጠየቀው በአማርኛ ነው። «ማንም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

«ባሌ ነው የሞተው» አልኩ።

ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል እሳቸው በሚሰሙት ቋንቋ፣ እሳቸው ፊት ብዬው አላውቅም። እስኪወድቁ ጠበቅሁ። ወንበሩን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ።

እማማ አልወደቁም። ሹራቤን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ውይ፣ የኔ ልጅ! በዚህ ዕድሜሽ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ሰማያዊ? የሚያለብስሽ ሰው የለም? እናት የለሽም እንዴ እዚህ አገር?»

«የለኝም።»

«ነይ እዚህ።»

ተነሥቼ ሄድኩ። ነጠላቸውን ከላያቸው አወረዱና፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ለቅሶ ላይ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው አለበሱኝ። ጣቶቻቸው አልረሱም። ጫፉን በትከሻዬ ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ ሸፍነው፣ ጉንጬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አልቅሽ» አሉኝ። «ታፍኖ የቀረ እንባ አይን ያጠፋል። ደግ ሰው ነበር?»

«ደግ ነበር።»

«ነፍሱን ይማር። የኔም ልጅ ይምጣና ለቅሶ ይድረስሽ። ዘርይሁን ይባላል። አሁን ሥራ ላይ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። ጸሐይወርቅ ቤት የማለቅሰው በልክ ነበር፤ ይህ ልክ አልነበረውም። እማማ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አስለቀሱኝ። እናቱ ናቸው፤ ከእኔ በፊት ሊጽናኑ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ቢሆንም አጽናኑኝ። እኔም ተጽናናሁ። ጸሐይወርቅ በሩ ላይ ደርሳ ቆማለች። ሚስ ኮልማን የወረቀት መሐረብ ይዛ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷታል።

ኢቶቢኮ ቢሆን ኖሮ ፈገግ ይሉልኝ ነበር፤ እማማንም በፈገግታ ዝም ያሰኟቸው ነበር። እዚያ መርዶ የለም፤ ማጽናናትም የለም። እሳቸው ደግሞ የልጃቸውን ሞት ቢረሱ እንኳ ሰው ማጽናናት ገና አልረሱም። ያንን የሚሰማላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

«እዚህ ይሁን» አልኳት ለሚስ ኮልማን።

እማማ ከጸሐይወርቅ ጋር መተላለፊያውን ሊያዩ ሲወጡ ራውዳ ወደኋላ ቀረች። ዐይኗ ቀልቷል።

«በአላህ ይቅር በዪኝ እህቴ። ላጠፋ ነበር።»

«አላጠፋሽም።»

«ልጄ የት ነው ብለው ሲጠይቁኝስ? ምን ልበላቸው?»

ስፈራው የኖርኩት ጥያቄ ይህ ነው። ከሶሻል ወርከሯ ጠብቄው ነበር፣ ከኢቶቢኮዋ ሴት ጠብቄው ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ከሥራ አልወጣም በያቸው» አልኳት፤ ነጠላውን እንዳለበሱኝ ይዤ። «ያኔ ኦቨርታይሙን ይረግማሉ። ዝም አትበያቸው፤ አብረሻቸው እርገሚ።»