ቀሏል፣ ጋሼ

ከሸይኽ ዛይድ ግቢዎች ጀርባ ባለው የችግኝ እርሻ ውኃ የሚያመላልሰው ትራክተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሪው ከብዶ ቆሟል። ዐረቡ አለቃ ጠዋት መጥቶ በመካኒኩ በለገሠ ራስ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ካልተነሣ አንተን አባርሬ ሌላ ኡስታ አመጣለሁ። ኸላስ!» ብሎ ሄደ። ሾፌሩ ጌዲዮን አጠገባቸው ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

ለገሠ ከትራክተሩ ሥር ገባ። የመሪውን ዘይት ቀየረ፤ የላላውን ቺንጋ አጠበቀ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ እያዞረ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ። መሪው በአንድ ጣት ዞረለት። የመሪው ፓምፕ ግን አሁንም ያቃስታል፤ ድምፁን አልወደደውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክሪኩን አወረደ።

«እስቲ ውጣ ጌዲዮን። እውነቱ የሚታወቀው ጎማው መሬት ሲይዝ ነው።»

ጌዲዮን ወጥቶ መሪውን ጨበጠ። ይህን ሥራ ያስገኘለት ለገሠ ነው፤ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር አንድ ክፍል ይጋራሉ።

«ቀለለህ?»

«ቀሏል፣ ጋሼ።»

«በደንብ?»

«እንደ ሙሽራ እጅ!»

«አንተ ደግሞ የሙሽራ እጅ የት ታውቃለህ!»

ጌዲዮን ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከመሪው ላይ አላነሣም። ውኃ የሞላውን ቦቴ እየጎተተ ወጣ።

ለገሠ እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ የእርሻው በር ላይ የትራክተሩን ዱካ አይቶ ቆመ። የፊት ጎማዎቹ አልዞሩም፤ አሸዋውን እየጠረጉ ተንሸራተዋል። የበሩ ምሰሶ ቀለሙ ተፍቋል።

«አይ ጌዲዮን!»

አልቀለለም ነበር። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው በደረቁ መሬት ተንጋሎ ሲለፋ ውሎ፣ አለቃው ሲያስፈራራው እየሰማ፣ በምን አፉ «አልተሠራም» ይበለው? ይሉኝታ አስሮታል።

ስልክ ደወለ። በዚያ የሞተር ጩኸት ማን ይሰማል? ከእርሻው ወዲያ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቦዩን ተከትሎ እየወረደ ይሄድና በድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ውኃው በቀኝ ነው። ለገሠ ሮጠ።

ሲያየው ትራክተሩ መታጠፊያው አፍ ላይ ደርሷል። ጌዲዮን ትከሻው ጆሮው ድረስ ተሰቅሎ፣ ብሬኩን ረግጦ፣ በሁለት እጁ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጌዲዮን! አቁመው!»

ጌዲዮን ቃሉን አልሰማም፤ ጩኸት ሰምቶ ብቻ ዞረ። የሚሮጠው ጋሼ ለገሠ መሆኑን ሲያይ፣ ታላቅ በመጣ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ከወንበሩ ብድግ አለ። አንድ እጁን ከመሪው ለቆ ደረቱ ላይ አኖረ። እግሩም ብሬኩን ለቀቀ።

«ተቀመጥ! በማርያም ተቀመጥ!»

ቦቴው ከኋላ ገፋው። ጌዲዮን ደንግጦ መሪው ላይ ወደቀ፤ በሙሉ ኃይሉ ወደ ግራ ጠመዘዘው። መሪው ጎማዎቹን ሳይዝ እጁ ላይ ዞረ፤ ደግሞም ዞረ።

ጎማዎቹ ወደ ውኃው እንዳዩ ነበሩ።