ደፍ የሌለው መታጠቢያ ቤት

ልብስ ሰፊዋ የኮንትራክተሩን የዋጋ ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ! ያውም ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ በሩ ላይ መቆም ላለበት መታጠቢያ ቤት።

እሷና ባሏ ያጠራቀሙት መቶ ሃምሳ ሺህ ነበር። ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎኑ ሰነፈ። አፉ ደህና ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። እግሩ ግን ያንን የድሮ የብረት ገንዳ መሻገር አቃተው። አንድ ቀን ልሞክር ብሎ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ከዚያ ወዲህ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ በፎጣ ታጥበዋለች። ያ ለፍላፊ ሰው በዚያች ሰዓት ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ቃል አይወጣውም። አንጀቷን የሚበላት ይሄ ነበር።

ባንክ የምትሠራው ልጃቸው ወረቀቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይሠራል? አባዬን እኔ ጋ አምጪው፤ አንቺም ነይ። ቤቱን እናከራየዋለን።»

«አባትሽ ሻንጣ ነው እንዴ የማመጣልሽ?»

«ኧረ እማዬ! ታዲያ የጎደለውን ከየት ልታመጪ ነው?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ተይው አለች እንጂ ከየት እንደምታመጣ እሷም አታውቅም። ልጅቷ እንደሄደች የስፌት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መታጠቢያ ቤት ገባች። ወለሉን ለካች፤ ግድግዳውን ለካች፤ በሩንና መስኮቷን ቀነሰች። የደንበኞቿን ልክ በምትጽፍበት ደብተር ላይ ደመረችና እንደገና ደመረች።

«ሰማህ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሰውዬው ሠላሳ አራት ካሬ ሴራሚክ ነው የጻፈብን!»

«እና?» አለ ባሏ ከሳሎን።

«ይሄ ክፍል ወለልና ግድግዳው ተደምሮ ሃያም አይሞላም!»

«ሌባ!» አለ ባልየው። ሰድቦ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ኮንትራክተሩ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መጣ። ስትነግረው ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ ብክነት አለ እኮ። ሴራሚክ ይሰበራል፣ ይቆረጣል…»

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ። ከአሥር አንድ ለብክነት ጨምሬ ሃያ ሁለት። የቀረው አሥራ ሁለት ካሬ ማን ቤት ሊነጠፍ ነው?»

ባልየው ከሶፋው ላይ ሳቁን ለቀቀው። የኮንትራክተሩ ፈገግታ ጠፋ።

«ደግሞስ አዲስ ገንዳ ማን አዘዘህ? ገንዳው ይውጣ ነው ያልኩህ። ጣሪያው ላይ ስድስት አምፖልስ? ቀዶ ጥገና ልናደርግበት ነው? ያለን መቶ ሃምሳ ሺህ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈልጉ። በመቶ ሃምሳ ሺህ የሚሠራልዎት ካገኙ እኔ ከዚህ ሙያ እወጣለሁ።»

«መውጣቱን አሁኑኑ ጀምረዋ» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

ሴራሚክ መሸጫው ደጃፍ ሥራ ስትጠብቅ ያገኘቻት ሠራተኛ ጣቶቿ በሲሚንቶ የተላጡ፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። ሴራሚክም ታነጥፋለች፣ ቧንቧም ትዘረጋለች። ቤቱን አይታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «እትዬ፣ ከሥር በሚገባው አይቆጥቡ። ውሃ መከላከያው፣ ፍሳሹ፣ የሚይዙት ብረት፤ እነዚህ አይነኩም። ከላይ ባለው እንደ ልብዎ።»

አብረው ጻፉ። ደፍ የሌለው ሻወር፣ የግንብ መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት የብረት መያዣ። አምፖል አንድ። መስታወቱ የድሮው። መቶ ሃያ አምስት ሺህ ሆነ፤ ሃያ አምስቱ ለክፉ ቀን ተቀመጠ።

ክፉው ቀን በሦስተኛው ቀን መጣ። ወለሉ ሲሰበር የፍሳሹ ቱቦ እስከ ውጭ ግድግዳ ድረስ በስብሶ ተገኘ። ሃያ አምስቱ በአንድ ቀን አለቀ፤ አሥራ አንድ ሺህ ደግሞ ጎደለ። ልብስ ሰፊዋ ጉድጓዱን አየት አድርጋ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ያልተከፈቱትን የሴራሚክ ካርቶኖች ጋሪ ላይ ጭና ሱቅ ሄደች።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ ባለ ሱቁ።

«ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለችና በሩ ላይ ደርድራቸው ቁጭ አለችባቸው። ደንበኛ እየመጣ በጎን እየተሽሎከለከ ገባ። ወደ ምሳ ሰዓት ባለ ሱቁ ቆሽቱ እያረረ የጎደላትን ገንዘብ ቆጠረላት።

ስለዚህ ሴራሚኩ ሻወሩ ጥግ ላይ ብቻ እስከ ላይ ወጣ፤ ሌላው እስከ ወገብ ደርሶ ከዚያ በላይ ቀለም ተቀባ። ልጅቷ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«ግማሽ ግድግዳ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እኛ ቤት ገላውን አይታጠብም።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባልየው ከዘራውን ይዞ፣ እግሩን ሳያነሳ እየጎተተ ገባ። መያዣውን ጨበጠ፣ ነቀነቀው፣ አልነቃነቅ አለው። ዞሮ ሚስቱን አያት።

«ውጪ።»

«አንድ ጊዜ እንኳን ልይህ…»

«ውጪ ብያለሁ!»

በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማች። ተመልሳ ልታንኳኳ እጇን አንስታ ተወችው።

ስልኩ ጠራ።

«አባዬስ?» አለች ልጅቷ።

«እየታጠበ ነው።»

«ማን አለ አብሮት?»

«ማንም። ቆልፏል።»

«እማዬ! ቢወድቅስ?»

«ቢወድቅ በሩን እሰብረዋለሁ። በሩ የራሴ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ እግሯ ሥር ረጠበባት። የወለሉ ተዳፋት በበሩ በኩል ትንሽ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ውሃው በቀጭኑ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ነገ ሠራተኛዋን መጥራት አለባት። ለዛሬ ጨርቅ አምጥታ ተንበርክካ ማድረቅ ጀመረች፤ ባልየው ከውስጥ፣ ከእጁ ያመለጠውን ሳሙና በአውቶቡስ ሾፌር ድምፅ ሲሰድብ እየሰማች።