ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

ቀዩ ምልክት ከአረንጓዴው ቀለም በላይ ሳይሆን ከሥሩ መሆኑን ሥርጉት ያስተዋለችው፣ የግቢዋ በር ተነቅሎ አይሱዙ ላይ ከተጫነ በኋላ ነበር። ገመዱ በፈተገው በኩል አረንጓዴው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳና ተጨማሪ ቀይ ብቅ አለ። በጥፍሯ ትንሽ ፋቀችው። ቀዩም ጨመረ።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ማታ ነው። ቴሌቪዥኑ ለመሀል ከተማው የታቀደውን ሁሉ ሲያሳይ አመሸ፤ ሰማይ ጠቀሱን ሕንፃ፣ ሰፊውን መንገድ፣ ፏፏቴውን፣ በኮምፒውተር ተሥለው የሚንሸራሸሩትን ሰዎች። ልጇ ፌበን "ሲያምር" አለች። ሥርጉት ግን ከሥዕሉ ውስጥ የራሷን ቤት ፈልጋ አጣችው። ቤቷ የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከመሀል ከተማ ጋር የሚያገናኘው ታክሲ ብቻ ነው። ይህ አላጽናናትም። ጠዋት ስትወጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት በሰነበተው በር ላይ ቀይ ኤክስና ቁጥር አየች። አልደነገጠችም፤ ይህን ቀን አሥር ዓመት ጠብቃዋለች።

የሚፈርስ ቤት እንዲህ ምልክት እንደሚደረግበት የማያውቅ የለም። ቀድሞ ያልነቀለ ሰው ደግሞ የተጨማደደ በርና ቆርቆሮ ከኤክስካቫተር ሥር ይለቅማል። ባሏ ዓለሙ መኪና ይዞ ሰንዳፋ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠራች፤ በሩን ኮተቤ ወንድሟ ጋ ልታስቀምጠው።

ጎረቤቷ ጋሽ ፉፋ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው ወጡ።

"ምነው ልጄ፣ በር መንቀል?"

"ምልክቱን አያዩትም ጋሼ?"

"እኔ በር ላይ የለም እኮ።"

"እርስዎ ጋ ገና አልደረሱም ማለት ነው።"

ጋሽ ፉፋ ጥቂት አሰቡና ሠራተኞቹን፣ "ስትጨርሱ ወደ እኔ እለፉ" አሏቸው። ሥርጉት አንድ ነገር ባትሰማ እንዲህ አታደርግም ተባለና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምስት ግቢ ያለ በር ቀረ። አምስቱም በር አንድ አይሱዙ ላይ ወጣ።

እሷ ቀለሙን ስትፍቅ ነው አንድ ወጣት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የደረሰው።

"ማነው አፍርሱ ያላችሁ?"

"ምልክቱ" አለች ሥርጉት፤ ድምጿ ግን ቀጥኗል።

ወጣቱ ታብሌቱን ነካካ። "ይሄ ሰፈር ፕላኑ ውስጥ የለም፣ እናቴ። ግንባታው መሀል ከተማ ነው።"

"ለጊዜው ነው?"

"እኔ የማውቀው እስከ ዛሬ ያለውን ነው።"

ጎረቤቶቿ እፎይ አሉ። እሷ "እስከ ዛሬ" የሚለውን ይዛ ቀረች።

ዓለሙ ሲመጣ በሩን አይሱዙ ላይ አየው፤ ቀዩንም አየው። እርምጃው ቀዘቀዘ።

"ዓለሙ፣ ይሄ በር አዲስ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"ቀለሙ አዲስ ነበር።"

"በሩስ?"

"ካዛንቺስ ሲፈርስ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ ነው። ብነግርሽ ታስገቢው ነበር?"

"አላስገባውም። መዘዝ ይዞ ይመጣል እልህ ነበር።"

"ታዲያ ይዞ መጣ?"

ሥርጉት በጣቷ አምስቱን ክፍት ግቢ አሳየችው።

"እኛን ካዛንቺስ ነው ያፈረሰን በለኛ" አሉ ጋሽ ፉፋ፣ ቀድመውም ራሳቸው ሳቁ።

በሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ መጀመሪያ የጋሽ ፉፋ፣ መጨረሻ የጥፋተኛዋ። ሲመሽ ሠራተኞቹ በሩን ሊገጥሙ ሲያነሱት ሥርጉት አስቆመቻቸው።

"ገልብጡት። ምልክቱ ወደ ውስጥ ይሁን።"

"ነገ ቀለም እቀባዋለሁ" አለ ዓለሙ።

"በዚህ ዝናብ? ዛሬ የሚያልፍ ሰው ካየው ያምናል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ አምኛለሁ።"

በሩ ሲገለበጥ መቀርቀሪያው ውጭ ቀረ። ዓለሙ ሰንሰለት ፈልጎ አመጣ። ሥርጉት ከቀዩ ኤክስ ፊት ለፊት ቆማ ሰንሰለቱን ሁለቴ ጠመጠመችና ጓጉንቸሩን ቆለፈች።