በእማዬ እግር ልክ

የሰው ነገር ጉድ ነው መቼም! ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ክር የቀጠሉበትን ፋብሪካ ዘጉና ግድግዳውን ነጭ ቀብተው «ሙዚየም» አሉት። ቀጥሎ ደግሞ «ጎብኚ ሲደክመው የሚያርፍበት ወንበር ይሠራ፤ ንድፉንም የሰፈሩ ወጣቶች ያውጡት» ተባለ። ለሠራተኛ ያልታሰበው ወንበር ለጎብኚ ታሰበ። እሰይ፣ ደግ አደረጉ!

ከወጣቶቹ አንዷ ቀጮ ነበረች። ቀጫጫ ስለሆነች ነው እንዲህ የሚሏት፤ አንድ ሐሳብ ከያዘች ግን በሬ አይጎትታትም። እናቷ ወጣትነቷን የጨረሰችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው የፈትል ማሽን ላይ ነው። አሁን እግሮቿ አብጠዋል፤ የግራው ቁስል አልድን ስላለ ሐኪሙ «ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት» ብሎ ለሰኞ ቀጥሯታል። ሙዚየሙ የሚከፈተው ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ቀጮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናቷ በሁለት እግሯ ሄዳ፣ ያን ሁሉ ዘመን በቆመችበት ቦታ አንዴ እንድትቀመጥ።

ወጣቶቹ ንድፍ ሊያወጡ ሲሰበሰቡ፣ ወሬ ስለማያመልጠው ጋዜጣ የሚሉት ልጅ «ዥዋዥዌ ብናደርገውስ? ፎቶ ላይ ያምራል» አለ።

«እሺ፣ ሲደክምህ ፎቶው ላይ ትቀመጣለህ» አለችው ቀጮ። ሁሉም ሳቁና የሷ ሐሳብ ጸደቀ፦ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ለመነሳት የሚያግዝ የክንድ መደገፊያ፣ ያበጠ እግር የሚያርፍበት መርገጫ።

ቤት ሄዳ አልጋ ላይ የተጋደመችውን እናቷን ከጉልበት እስከ ተረከዝ በሜትር ለካቻት።

«ምነው፣ የሬሳ ሳጥን ልታሠሪልኝ ነው?» አለች እናት።

«ሟርተኛ! ወንበር ነው። ለሙዚየሙ።»

«ወንበር? እዚያ ቤት?» እናት እስኪያስላት ሳቀች። «አይ ልጄ! አንዷ ጓደኛችን የስምንት ወር እርጉዝ ሆና የክር ሳጥን ላይ ቁጢጥ ብትል፣ ካቦው ከላይ ከመስታወት ክፍሉ አይቷት በዚያው ቀን አባረራት። እያለቀሰች ስትወጣ እኛ ቀና ብለን እንኳ አላየናትም። ፈርተን።» ሳቋ ጠፋ። ቀጮ ግን ሜትሩ ላይ አቀርቅራ ስለነበር ፊቷን አላየችም።

ልጆቹ ከሰፈሩ አናጢ ጋር ሆነው እንጨቱን ላጉ፣ ገጠሙ። ቀጮ መደገፊያውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ መዳፏ ተላጠ። አናጢው «በቃሽ፣ የሕፃን ጉንጭ አስመሰልሽው እኮ!» ብሎ ነጠቃት።

ቅዳሜ እናት በአንድ ክንዷ ቀጮን፣ በሌላው ጋዜጣን ተደግፋ ገባች። ወንበሩ መስኮቱ ሥር፣ ከማሽኗ አጠገብ ተቀምጧል። የሙዚየሙ ኃላፊ «እናቴ፣ የመጀመሪያዋ ተቀማጭ እርስዎ ነዎት!» አለች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እናት ወንበሩን ዞር ብላም አላየችው። ሁለቱንም ክንዶቿን አላቃ ማሽኑ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ደህና ነኝ።»

«እየተንቀጠቀጥሽ እኮ ነው!»

«እዚህ አይቀመጡም፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። ዓይኗ ወደ ላይ፣ ወደ መስታወቱ ክፍል ሄደ። አሁን እዚያ ፖስት ካርድ ነው የሚሸጠው።

«ካቦው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ይኸው፣ እኔ ልቀመጥልሽ» ብላ ቀጮ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

እናት ክንዷን ይዛ ጎትታ አስነሳቻት። ጥፍሯ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። «ተነሺ! ተነሺ አንቺ ልጅ፣ ያዩሻል! ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ኃላፊዋ ንግግሯን ጀመረች፤ ንግግሩም አላልቅ አለ። ቀጮ እናቷን በወገቧ አቅፋ ቆመች። የእናት ፋሻ ከጫማዋ በላይ ቀስ በቀስ ቀላ። እንግዳው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ግን አልተቀመጠችም።

ሰኞ እግሯ ተቆረጠ። ከማደንዘዣው ስትነቃ ቀጮ ራስጌዋ ነበረች።

«ወንበርሽን ወደዱት?» አለቻት።

«ወደዱት፣ እማዬ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። እኔም እኮ እንግዲህ ሥራዬ መቀመጥ ነው።»

ቀጮ እናቷ እንዳትከፋባት ልትስቅላት ሞከረች፤ አልሆነላትም።